የቨርሊን ጉብታና የጃንጥላው ስፋት

ቨርሊን ቶለፍሰን የክረምት ካፖርቱን ከገዛ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የግራ ክርኑ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ሲያረጅ በላዩ ሌላ ፕላስተር ይጨመርበታል። "ካፖርትህ ያምራል" የሚለው ሰው ቢገኝ መልሱን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ "በግማሽ ዋጋ ነው ያገኘሁት፤ ዚፑም አይሠራም።" በእኛ ከተማ ሰው ያለውን አይናገርም። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ደብቆ፣ ጭቃ ካስነካው በኋላ ነው ለሰው የሚያሳየው። ቨርሊን ግን በዚህ ሁላችንንም ያስከነዳል።

ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳ። አንድ ቀን እንኳ መኪና አልገጨም፣ ልጅም መንገድ ላይ አልረሳም። ጡረታ ሲወጣ ከአባቱ የወረሰውን እርሻ ለቤት ሠሪዎች ሸጠና ቤቱንና ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጉብታ ብቻ አስቀረ። የእርሻው ገንዘብ የት እንደገባ የጠየቀ የለም። ካፖርቱ ያው፣ ፒካፑ ያው። ሚስቱ አርዲስም የዳቦ ፌስታል እያጠበች በወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ማስጣቷን አልተወችም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የተባለው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

ጉብታው ነው የቨርሊን ቅንጦት። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር የከተማው ልጆች በሙሉ መንሸራተቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። እሱ በመኸር ሣሩን ያጭዳል፣ ድንጋዩን ይለቅማል፣ ከታች አጥሩ ሥር የገለባ እስር ይደረድርላቸዋል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ከአጥሩ ማዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ያ ሰውዬ እንደዚያ ደስ ብሎት የማየው በክረምት ቅዳሜዎች ብቻ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን ጋዜጣ አነበበ። ከእኛ ራቅ ባለ ከተማ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ የጎረቤት ልጅ ወድቆ ተሰብሮ፣ የግቢው ባለቤት ተከሶ፣ የቤቱ ኢንሹራንስ ከሚችለው በላይ ተፈርዶበት ቤቱን ሸጠ ይላል። ቨርሊን ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በአራተኛው ቀን ወደ ኢንሹራንስ ወኪሏ ወደ ዳርላ ሄደ። የዳርላ ቢሮ አንዲት ክፍል ናት። በሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ወንበሮች መቼም ባዶ አይሆኑም፤ ዳርላ ብስኩት ትጋግራለቻ። የዚያን ቀን አንደኛው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ በሌላኛው ላይ የቤተክርስቲያኑን ማኅበር የምትመራው ኮሪን ነበረች።

"የቤትዎ ኢንሹራንስ እስከ ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ይከፍላል፣ ሚስተር ቶለፍሰን" አለችው ዳርላ። በልጅነቷ በአውቶቡሱ ያመላለሳት እሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ብቻ አትጠራውም። "ከዚያ በላይ ከተፈረደብዎት ግን ከኪስዎ ነው። ጃንጥላ የምንለው ኢንሹራንስ የተረፈውን ከላይ ሆኖ ይሸፍንልዎታል። ከአንድ ሚሊዮን ይጀምራል፣ እስከ አምስት አለ።"

"ስንቱን ልግዛ ታዲያ?"

"ቢያንስ ያለዎትን የሚያህል። ያለዎት ሀብት ስንት ነው?"

ቨርሊን ወደ መስኮቱ ዞረ። "ነፋሱ ዛሬ ከሰሜን ነው አይደል?"

"ሚስተር ቶለፍሰን፣ ግምቱን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ማታ በረዶ ሳይጥል አይቀርም።"

እኔና ኮሪን ማኘክ አቁመን ነበር። ቨርሊን ይህ ሳይገባው አልቀረም፤ ባርኔጣውን አነሳ፣ "አስብበታለሁ" አለ፣ አንድ ብስኩት ይዞ ወጣ።

በማግስቱ በረዶ ስጠርግ አጥሩ ጋ መጣ።

"አንድ የማውቀው ሰው አለ" አለኝ።

"ክርኑ ላይ ፕላስተር አለው?"

"ዝም ብለህ ስማ። ይህ ሰው ትንሽ አጠራቅሟል። የአንድ ሚሊዮን ጃንጥላ ቢገዛ አይበቃውም። የሦስት ቢገዛ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን አለው ማለት ነው። እስከ እሑድ ከተማው በሙሉ ያውቃል።"

"ቢያውቅ ምን ይሆናል?"

"እንደ ድሮው አያዩኝማ!" አለ፤ ከዚያ ደንገጥ ብሎ "አያዩትም ማለቴ ነው" ሲል አስተካከለ።

ሳቄን ዋጥኩት። ሰውዬው ግን የምሩን ነበር፤ አሳዘነኝ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው እኩል ሆኖ ለመታየት የደከመ ሰው ነው።

ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቁጥሩን ከመናገር ጉብታውን መዝጋት ቀለለው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጉብታው ሥር በገዛ እጁ የጻፈውን ሰሌዳ ተከለ፦ "ይቅርታ። ምናልባት ለጊዜው ባትንሸራተቱ ደስ ይለናል። ስለ ችግሩ በጣም አዝናለሁ። አመሰግናለሁ። ቨርሊን።" ልጆቹ መጡ፣ አነበቡ፣ አንዷ "ምንም አይደል፣ ሚስተር ቶለፍሰን!" ብላ ወደ መስኮቱ ጮኸች፣ መንሸራተቻቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። ቨርሊን ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ አልተነሳም። የሚያየው ግን አልነበረም።

ማንም ቅሬታ አላሰማም፤ እኛ ዘንድ ቅሬታ የሚሰማው በምግብ ነው። እስከ ማክሰኞ ድረስ በቨርሊን ደጃፍ አራት ሳህን ድንችና የተፈጨ ሥጋ ተደረደረ፤ ቤቱ ለቅሶ የገባበት ይመስል ነበር። ኮሪን ደግሞ ያየችውን አይታለች። ሰው ያለውን ሲጠየቅ ስለ ነፋስ ካወራ፣ ምንም የለውም ማለት ነው። ካፖርቱ ይመሰክራል፣ የሚስቱ ፌስታል ይመሰክራል። ስለዚህ ለቨርሊን ጃንጥላ መዋጮ ተጀመረ።

ፖስታው እኔ ጋ ሲደርስ ጨነቀኝ። ብናገር ምስጢሩን ማውጣቴ ነው፤ ባልሰጥ ከኔ የከፋ ስስታም የለም ሊባል ነው። በይሉኝታ ሃያ ዶላሬን ከተትኩ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ የቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበን ሳለ ኮሪን ተነሳች። "ቨርሊን፣ ጉብታው ለምን እንደተዘጋ ገብቶናል። ጡረታ እንኳን ለጃንጥላ፣ ለካልሲም አይበቃም። ይህ ለአንድ ዓመት ይበቃሃል" ብላ ፖስታውን ዘረጋችለት።

"አይ፣ አይ፣ አልቀበልም" አለ ቨርሊን።

"ተቀበል እንጂ።"

"በፍጹም አይሆንም።"

"እባክህ፣ ቨርሊን።"

"ኧረ ተዪ፣ ኮሪን።"

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚሰጡትን ነገር ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ይቀበላል፤ ወግ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ እምቢ ያለ ችኩል ይባላል። ቨርሊን ከልቡ ሦስት ጊዜ እምቢ ሲል ሕዝቡ ወግ የጠበቀ መስሎት በፈገግታ ጠበቀው። ኮሪን ፖስታውን እጁ ውስጥ አስገባችና "ትንሿ ብሪያ እንኳ ለወለቀው ጥርሷ ማጽናኛ የተሰጣትን ሁለት ዶላር ጨምራለች" አለችው።

ሰሌዳውን አንብባ "ምንም አይደል" ያለችው ልጅ ናት ብሪያ። ቨርሊን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና "አልቀበልም" አለ።

አራተኛ! አራት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው በዚያ ቤት አልታየም።

"አለኝ" አለ ቨርሊን መሬት መሬቱን እያየ።

"ምን አለህ?" አለች ኮሪን።

"ገንዘብ።"

ስንት ብሎ የጠየቀው የለም፤ ነውር ነው። ከአጠገቡ የተቀመጠችው አርዲስ ግን ሹካዋን አስቀመጠች። "ከነቤቱ ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ" አለች ጥርት ባለ ድምፅ። "እኔ ደግሞ ፌስታል አጥባለሁ።"

ምን ቢባል ይሻላል? እኔ ነኝ አላስችል ብሎኝ ከኋላ "ሃያ ዶላሬን መልሱልኛ!" ብዬ የጮኽኩት። መጀመሪያ አርዲስ ሳቀች፤ ከዚያ ኮሪን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ቨርሊን ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን። ያው ሰዎች ነን፤ እንደ ድሮው ነው ያየነው። ትከሻው ወረድ አለ።

ሰኞ ጠዋት ባልና ሚስት ዳርላ ዘንድ ገቡ። ወንበሮቹ ሞልተዋል። ቨርሊን ጉሮሮውን ጠረገና "ሦስት ሚሊዮን" አለ፤ የሰዓት እላፊ የጣሰ ይመስል በሹክሹክታ።

"ጮክ በል፤ ሁሉም ያውቃል" አለችው አርዲስ። ከዚያ ወደ ዳርላ ዞራ "እኔ ራሴ ጉብታው ላይ ብሰበር ጃንጥላው ይከፍለኛል?" አለቻት።

"አይከፍልም፣ ወይዘሮ ቶለፍሰን። የቤት ሰው አይሸፍንም።"

"እንግዲያውስ ወድቄ ብሰበር ቨርሊን ራሱ አብስሎ ያበላኛል።"

ቅዳሜ ሰሌዳው ተነቀለ። መጀመሪያ የወረደችው አርዲስ ናት፤ በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ ብሪያን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ እየጮኸች፣ እስከ ገለባው ድረስ። ቨርሊን መስኮቱ ጋ አልነበረም። ደጅ ወጥቶ፣ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ጉብታው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ፖስታውን ከኮሪን ተቀብሎ መዋጮውን ከቤት ወደ ቤት ዞሮ መለሰ። ብሪያ ለሁለት ዶላሯ አራት አገኘች አሉ፤ ቨርሊን ይህን ማድረጉን እስካሁን ይክዳል። በመጨረሻ እኔ ዘንድ አጥሩ ጋ መጣ፤ ሃያ ዶላሬን አጥፎ ዘረጋልኝ።

"ተወው፣ ቨርሊን" አልኩት።

"እንካ፣ ያዝ።"

"አይሆንም፣ ተወው ብዬሃለሁ።"

በወጉ ከሆነ እንደገና "እንካ" ማለት ነበረበት። እኔም ሦስተኛውን እምቢታ አዘጋጅቼ እየጠበቅሁት ነው። ቨርሊን ዶላሩን አየት አደረገ፣ ኪሱ ከተተው።

"መልካም" አለኝ። "ለአርዲስ አዲስ ፌስታል እገዛበታለሁ።"