ያላረጀችው መላጊያ

አናጢው ስለ እንጨት መላጊያ ማሽኑ ክፉ የሚናገር ሰው አይወድም። አንዴ “ጩኸቷ በዛ” ያለ ደንበኛ ያዘዘውን ወንበር እስኪረከብ አሳሩን በልቷል። በየዓመቱ የገዛት ዕለት ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ አረንጓዴ ቀለም ይቀባታል፤ ሚስቱም “ሙሽራዋ ተኳለች!” እያለች ታሾፍበታለች።

ሒሳቡን የምትሠራለት የእህቱ ልጅ ናት። የግብር ማስታወቂያውን በሞላች ቁጥር “አጎቴ፣ ከትርፍህ ላይ የማሽኗን እርጅና ልቀንስልህ?” ትለዋለች።

እሱ ቱግ ይላል። “የምን እርጅና? አዲስ ናት ብለሽ ጻፊ!”

ዕቃ ባገለገለ ቁጥር ከዋጋው ጥቂት ጥቂቱ ከትርፍ ላይ እንደሚቀነስ ልጅቷ አሳምራ ታውቃለች። ግን አጎቷን ላለማስቀየም ዜሮ እየጻፈች አለፈች፤ እሱም ያላተረፈውን እንዳተረፈ ሆኖ ሲገብር ኖረ። ፍቅር ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።

ዘንድሮ ሥራ ቀዘቀዘ። ግብሩን ለመክፈል ከመላጊያዋ በቀር የሚሸጥ ጠፋ። ገዢ ተብዬው መጥቶ ዙሪያዋን እየዞረ ሲነካካት አናጢው እየተከተለ የነካውን ቦታ በእጅጌው ጠረገ።

የእህቱ ልጅ ከዚህ በላይ አልቻለችም። “አጎቴ፣ ወይ አርጅታለች በል፣ ወይ ተሰናበታት። ያለፈውን ማስታወቂያ ማስተካከል ይቻላል።”

በማግስቱ ግብር ቢሮ ሄዱ። ሠራተኛዋ የግዢ ደረሰኙን አገላብጣ፣ “ማሽኑ አርጅቷል ነው የሚሉት?” አለች።

“ማን? እሷ? ገና እሳት ናት!”

የእህቱ ልጅ እግሩን ረገጠችው፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሠራተኛዋ ሳቀች። “አባባ፣ ሕጉ የሚያየው ዕድሜዋን ነው እንጂ ጉልበቷን አይደለም። አርጅታም መሥራት ትችላለች።”

“እንደሱማ ከሆነ ቅጹን አምጪው!” ብሎ ፈረመ።

ማስተካከያው ጸደቀ፤ በትርፍ የከፈለው ለዘንድሮው ታሰበለት። ገዢውም ባዶ እጁን ተመለሰ።

አመሻሹ ላይ አናጢው የመላጊያዋን አቧራ በጨርቅ እየጠረገ፣ “አይክፋሽ። ያረጀሽው ለመንግሥት ነው፤ ለእኔ ያው ነሽ” አላት።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። “እኔንስ እንዲህ ብለኸኝ ታውቃለህ?” አለች እየሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

አናጢው አፈረ። ጨርቁን አስቀመጠ።

“ሳልነግርሽ የቀረሁት ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከሠርጋችን።”

“እንግዲያው ያለፈውም ይስተካከላል” አለና ወደ እሷ ሄደ።