መጽሐፉ ከስክሪኑ ሲጠፋ

ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ዘመዶቼ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔ አስመራ ቀረሁ። ገጀረት ሰፈር ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሥራዬን እንዳላጣ ዘወትር እፈራ ነበር። የማውቀው ኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍበት፣ ስክሪኑ ጥቁር የሆነውን ነው። በእሱ ላይ አንዴ የተሰረዘ ነገር አይመለስም።

አንድ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሁለት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች አስቀምጦ፣ "ሁለቱንም ሞክሪና የሚሻልሽን ምረጪ፤ የምትሠሪበት አንቺ ነሽ" ብሎኝ ወጣ። ሁለቱም በትንንሽ ሥዕሎች የተሞሉ፣ በማውስ የሚታዘዙ ነበሩ። ለማተም ያዘጋጀነው የተማሪዎች መጽሐፍ አንደኛው ላይ ተጭኗል፤ ሌላ ቅጂ የለንም። ማውሱን ተጭኜ ሳንቀሳቅስ ጣቴን ሳላስበው አነሳሁና የመጽሐፉ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ያለ አንድ የቅርጫት ሥዕል ላይ ወድቆ ጠፋ።

የወራት ሥራ ነው። ለባለቤቱ ምን እንደምለው እያሰብኩ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። ሮም ኖራ የተመለሰች ባልደረባዬ ፊቴን አይታ መጣች።

"መጽሐፉን አጠፋሁት" አልኳት።

"ኣጆኺ ሓፍተይ" ብላ በትግርኛ አይዞሽ አለችኝና ቅርጫቱን ከፈተችው። መጽሐፉ ውስጡ ተቀምጧል። "እኔ ሮም የሠራሁት በዚያኛው ዓይነት ነው። ይሄ አንቺ የያዝሽው ቅርጫቱን ከእሱ ነው የኮረጀው። ሁለቱም የጣልሽውን ይመልሱልሻል" አለችኝ።

ባለቤቱ ተመልሶ የትኛው እንደሚሻል ሲጠይቀኝ፣ ባልደረባዬ እሷ ሮም የሠራችበትን ዓይነት እንድመርጥ ጠብቃ ነበር። እኔ ግን ቅርጫቱን የኮረጀውን መረጥኩ፤ በዚያ ጭንቀት መጽሐፉን የመለሰልኝ እሱ ነው። ያም ሆኖ ለብዙ ሳምንታት ማውሱን የምይዘው በሁለት እጄ ነበር።