አንድ ጉርሻ የቀረው አጎቴ

አጎቴ ልጅን «ብላ» ወይም «ብዪ» ብሎ ሲያዝ ሰምቼ አላውቅም። ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አብሮን ሲኖር፣ ልጄ ገና ሳትቀምስ በስዋሂሊ «ኒሜሺባ»፣ ጠግቤያለሁ ስትል ፊት ለፊቷ ይቀመጥና፣ «ዛሬ እጄን ደክሞኛል፤ አንቺ አጉርሺኝ» ይላት ነበር። እሷም ኡጋሊውን፣ ያንን ጠጣር የበቆሎ ገንፎ፣ በትንንሽ ጣቶቿ አድቦልቡላ፣ ከሱኩማው ጎመን ጋር ታጎርሰዋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ያኝክና፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላል። ትደግመዋለች። ከዚያ ተራው የእሱ ነው። ሳህኑ የሚያልቀው እንዲህ ነበር።

እኔ ነገሩን አልወደውም ነበር። «ጋሼ፣ በራሷ መብላት ትልመድ እንጂ! ትምህርት ቤት ማን ያጎርሳታል?» አልኩት አንድ ቀን።

«መብላትማ ማንም ያስተምራታል። እኔ የማስተምራት ማጉረስ ነው» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ተኝቶ ምግብ እምቢ አለ። ነርሷም እኔም ለምነን አቃተን። ልጄ ግን ዳቦ በሾርባ ነክራ አጎረሰችው። ቀስ ብሎ ዋጠ። ሁለተኛውን ስታቀርብለት ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ያጣላል እኮ» አለችው። አፉን አልከፈተም።

ከቀበርነው ሦስት ሳምንት ሆነን። ትናንት ምሳ ላይ ልጄ ሳህኗን ገፋች። ልቆጣ ብዬ ተውኩትና እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «እጄን ደክሞኛል» አልኳት። ትንሽ አየችኝና አንድ አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጠቅልላ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የአባባ ነው» አለችኝ፣ «አንድ ይቀረዋል።»