ፍሬን የሌለው ዘንግ

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ፣ ተሳቢ በሚጎትት ካሚዮን ላይ ድንጋይ ጫኝ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የዚያው ካሚዮን ፍሬን ያዥ ነበር። ያኔ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ያዥ ነበረው፤ ከኋላ ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋለት የፍሬኑን መዘውር እያጠበቀ ቁልቁለቱን የሚያወርድ።

የካሚዮኑ ባለቤት ጣሊያን በአንድ ጉዞ ብዙ ድንጋይ ማውረድ አማረው። ባለ አንድ ዘንግ በነበረው ተሳቢ ላይ ከተሰበረ መኪና የወጣ ሌላ ዘንግ ከነጎማው ከኋላ አስጨመረበት። ጭነቱ እጥፍ ሆነ። አዲሱ ዘንግ ግን ፍሬን የለውም።

ያን ቀን ወንድሜ እህል አልቀመሰም። ደጅ ይወጣል፣ ይመለሳል።

"ጋሼ፣ እምቢ በላ" አልኩት።

"ጣሊያንን እምቢ ብዬ የት ልገባ?"

በማግስቱ ጭነን ስንጨርስ ግን ወደ ሰውየው ሄደ።

"ሲኞር፣ ይሄ ጭነት ቁልቁለት ላይ አይቆምም።"

ጣሊያኑ አዲሱን ዘንግ በጫማው መታ መታ አደረገው። "ብረት ነው! ይችላል!"

"መሸከሙንማ ይችላል። የሚያቆመው ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው።"

"ፈራህ!"

ጫኞቹ ሳቁ። አንዱማ "ቀሚስ እናምጣለት?" አለ።

"እንግዲያው ሲኞር፣ እርስዎም ከኔ ጋር ኋላ ይቀመጡ" አለ ወንድሜ።

ሳቁ ቆመ። ጣሊያኑ ፊቱ ቀላ፣ ወጥቶም ከጎኑ ተቀመጠ። እኛ ጫኞቹ እንደ ወትሮው ድንጋዩ ላይ ነበርን። ገና ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳቢው ካሚዮኑን ይገፋው ጀመር። ጥሩንባው አላቋረጠም። ከተሳቢው ፊተኛ ጎማ ጭስ ይወጣል፣ ፍሬን የሌለው የኋለኛው እንደ ልቡ ይሽከረከራል። ጣሊያኑም መዘውሩን ያዘ፤ ሁለት ሰው ቢይዘውም ለውጥ አልነበረውም። ያተረፈን ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ ያለው ዳገት ነው፤ እሱ ላይ ስንወጣ ቆመልን።

ጣሊያኑ ወረደ። ወንድሜን ቀና ብሎ ሳያየው፣ "ክንድህ ደካማ ነው። ነገ ሌላ ሰው ይይዛል" አለው።

በማግስቱ እንደገና ሙሉ ጭነት አስጫነን። አዲሱ ፍሬን ያዥ ደረተ ሰፊ ጎልማሳ ነበር። ወንድሜ መጥቶ ከተሳቢው አጠገብ ቆመ፤ ቀና ብሎም "አንተ፣ ውረድ" አለኝ። ወረድኩ። ጣሊያኑ ጮኸ። ያ "ቀሚስ እናምጣለት" ብሎ የነበረው ጫኝ ወዲያና ወዲህ አየ፤ እሱም ወረደ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉ። አዲሱ ሰው ሰው የሌለበትን የድንጋይ ክምር አየት አድርጎ ከወንበሩ ተነሳ።

የጣሊያኑ ስድብ እስኪረፍድ ቀጠለ። ሊያስገርፈን ይሆን ብለን ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ "ግማሹን አውርዱ" አለ። ወንድሜን ግን ወደ ሥራው አልመለሰውም።