የቀለለው የጥርስ ሳሙና

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ጭምቱ» ይሉታል። ባልደረቦቹ ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ሲለፈልፉ እሱ ትንፍሽ አይልም። ደንበኞቹ ጨዋነት መስሏቸው ያመሰግኑታል፤ እሱ ግን ዝም የሚለው ፈርቶ ነው። አፉ ይሸታል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በጨዋታ መሃል ይህንኑ ጣል አድርጋለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ሲያወራ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ትንሽ ልጁ ልትስመው ስትንጠራራ እንኳ አናቷን ዳበስ አድርጎ ይሸሻል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? በስንት ምጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ዚንክ የተባለ ማዕድን ያለበት የጥርስ ሳሙና መጥፎ የአፍ ጠረን ይቀንስ እንደሆነ እየተጠና ነበር። ለግማሹ ሰው ዚንክ ያለበት፣ ለግማሹ የሌለበት ይሰጣል፤ ቱቦው ሁሉ ነጭ ስለሆነ የትኛው እንደደረሰው የሚያውቅ የለም። ሐኪሟ አፍንጫዋን አስጠግታ ትንፋሹን ስታሸት ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳያዞር ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ። መዘገበችውና ሁለት ቱቦ ሰጠችው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሽታው መቀነሱን ነገረችው። ደስታውን እንኳ ሳያጣጥም ምን ያህል እንደተጠቀመ ለማወቅ ይዞት የመጣውን አንዱን ቱቦ ሚዛን ላይ አስቀመጠችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ በጣም ቀሏል። ለሌላ ሰው አካፍለዋል እንዴ?»

«ኧረ እኔ ብቻ ነኝ የምጠቀመው።»

«እስቲ ቤት ያጣሩ። ሌላ ሰው ከነካው ከጥናቱ እናስወጣዎታለን።»

መንገዱን ሁሉ ልቡ እንደፈራ ሄደ። መድኃኒቱን አገኘሁ ባለ ማግስት ሊቀማ ነው። ቤት ሲደርስ ልጁ መታጠቢያው ጋ በርጩማ ላይ ቆማለች፤ አፏ ዙሪያ ነጭ አረፋ፣ አጠገቧ ቤት የቀረው ሁለተኛው ቱቦ።

«አባዬ፣ አትቆጣኝ።»

«ለምን ነካሽው? ዛሬ ብቻ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው። አፌ እንዳይሸት ብዬ።»

«ማነው ይሸታል ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አንተ ግን ስጠጋህ ፊትህን ታዞራለህ።»

ክሊኒኩም ሚዛኑም ከሐሳቡ ጠፉ። አሁን የያዘው ፍርሃት ከእስከዛሬው ሁሉ የባሰ ነበር። ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው ሊላት አጎነበሰ፤ አፉንም ከፈተ። አንገቱ ግን የለመደውን አደረገ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ልጅቷ አየችው። ብሩሹንም መልሳ አፏ ውስጥ ከተተችው።