ሲስተሙ አልጮኸም

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም መካከል ነው። አንድ ሰው ደረቱን ነፍቶ «ሲስተሙ ይቆጣጠረዋል» ሲል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በጊዜው ደረቱን የነፋው ሰውዬ እኔ ነበርኩ።

የምሠራው ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። መደቤ «የአይቲ ባለሙያ» ይባላል። በተግባር ግን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት የምጎትት፣ የዋይፋይ ፓስወርድ የምቀይር፣ «ኮምፒውተሩ እንቢ አለኝ» ላለኝ ሁሉ አጥፍቼ የማበራ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ ትልቅ ነገር መሥራት ያምረዋል። እኔንም አማረኝ።

ያማረኝ ነገር ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሥራው መጠበቅ ነው። ሰርቨሩን፣ ኔትወርኩን፣ ሴንሰር ከገጠምክለት ደግሞ የፍሪጅ ሙቀት ሳይቀር ቀን ከሌት ይከታተላል። አንድ ነገር ሲበላሽ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከኢንተርኔት ትእዛዝ እየገለበጥኩ፣ ቀይ ቀይ ስህተት እያነበብኩ፣ የሠሩትን ሰዎች ከነዘር ማንዘራቸው እየረገምኩ። ሲነሳልኝ ግን መረቅኳቸው።

ክሊኒካችን ውስጥ ዋናው ፍሪጅ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ነው። ኃላፊዋ ሲስተር ወርቅነሽ ናቸው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ነርስ። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አንብበው በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፋሉ። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ካሉበት ሮጠው ይመጣሉ። እኔ በሆዴ እስቅባቸው ነበር። በሆዴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ግርማ «ይሄ እኮ የድንጋይ ዘመን አሠራር ነው» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ።

ሴንሰሩን ፍሪጁ ውስጥ አስገባሁ፤ የአቶ ግርማ ስልክ ላይም የአምቡላንስ ድምፅ ጫንኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑ አበደ። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨረሰ፣ ይጮሃል። ዋይፋይ ለአፍታ ተቋረጠ፣ ይጮሃል። እሑድ አቶ ግርማ ቅዳሴ ላይ ቆመው ጮኸባቸው። ሰኞ ጠርተውኝ «ስማ፣ ይሄን ነገርህን ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዳልሰማው» አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድኩና «የማስጠንቀቂያ ሰዓት» የሚሞላበት ቦታ ላይ የሥራ ሰዓታችንን ሞላሁ። ከ2:00 እስከ 11:00።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኛውን ሰብስቤ ሙከራ አሳየሁ። ሴንሰሩን ከፍሪጁ አውጥቼ በመዳፌ ጨበጥኩት። ትንሽ ቆይቶ የአቶ ግርማ ኪስ አምቡላንስ ሆነ። ተጨበጨበልኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አቶ ግርማ እዚያው ቆመው «ሲስተር፣ ከእንግዲህ መሯሯጡ አያስፈልግም፣ ወረቀቱንም ያንሱት» አሉ። ሲስተር ወረቀቱን ቀስ ብለው ላጡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ጥሩ ነው፣ እግሬም ይረፍ» አሉ።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። አንድ ረቡዕ ምሳ ሰዓት አካባቢ መብራት ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቀጨኔ ልጅ አዝላ ለመጣች እናት ክትባት ሊያወጡ ሲስተር ፍሪጁን ከፈቱ። ፍሪጁ ጠፍቷል፣ ውስጡም ሞቋል። ለካ መብራቱ ሲመለስ ፍሪጁ የተሰካበት ስታብላይዘር አብሮ አልተነሳም።

ሲስተር አልጮኹም። ክትባቱን በረዶ ወዳለበት ሳጥን አዛወሩ፣ እናትየዋን ነገ ተመለሺ ብለው ሸኙ፣ ስታብላይዘሩን አስነሱ። ከዚያ ለአቶ ግርማ ሊነግሩ ገቡ። እኔም ተጠራሁ።

«ሲስተሙ ይሠራል አይደል?» አሉኝ አቶ ግርማ።

«በሚገባ» አልኩ። ሳላይ ነው እንዲህ ያልኩት።

«እንግዲህ ሲስተር፣ ፍሪጁ ጠፍቶ ቢቆይ ኖሮ ይሄ ስልክ ይጮህ ነበር። አልጮኸም። ክትባቱ ግን ሞቋል። ጠዋት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ነው።»

«አልረሳሁም። ጠፍቶ ነው ያገኘሁት።»

«ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል፣ ሲስተር?»

ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡላቸው፤ ጥፋታቸውን ጽፈው እንዲፈርሙ። ፋይላቸው ውስጥ ይገባል፣ ከክትባት ክፍልም ይነሳሉ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ክፉ ቃል ያልገባበት ፋይል ነው። ሲስተር ዞር ብለው አዩኝ። ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ ለማወቅ አልቆየሁም፤ «አንዴ ልይ» ብዬ ጎን ወዳለው ክፍሌ ወጣሁ።

ግራፉን ስከፍት ክው አልኩ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ጀምሮ መስመሩ እንደ እንጦጦ ዳገት ይወጣል። ማሽኑ ሁሉንም አይቷል፣ ሁሉንም መዝግቧል፣ ግን ዝም ብሏል። ለምን ብዬ ሰዓቱን አየሁት። እኔ የሞላሁት በእኛ ሰዓት ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ለእሱ ሁለት ሰዓት ማለት የእኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ረፋድ አምስት ሰዓት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ፍሪጁ በእሳት ቢነድ እንኳ አይናገርም። ሙከራው የተሳካልኝም ጠዋት ስለነበር ነው። ሌሊት ጮሆ ከሆነም እኔም አቶ ግርማም ስልክ አጥፍተን ነው የምንተኛው።

አሁን የማፍርበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ተነስቼ ተመልሼ ገብቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አስተካከልኩ። ከ8:00 እስከ 17:00። በኋላ ማን ይጠይቀኛል? ሲስተርን በሌላ መንገድ እክሳቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በምን እንደምክሳቸው እግዜር ይወቀው። ከዚያ «ሴቭ» የሚለውን ተጫንኩ።

ከግድግዳው ወዲያ አምቡላንስ ጮኸ።

ፍሪጁ ገና በቅጡ አልቀዘቀዘም ነበር። ማሽኑ ደግሞ አፉን እንደለቀቅኩለት የያዘውን ሁሉ ዘረገፈው። አቶ ግርማ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰማኋቸው፤ «ማስጠንቀቂያ። የክትባት ፍሪጅ። ሙቀት 14 ዲግሪ። ችግሩ ከጀመረ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።» ለጉራ ብዬ በአማርኛ እንዲጽፍ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ። አቶ ግርማ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን ያያሉ፤ የፍሪጁን ወረቀት ያንሱት ያሉት እሳቸው ናቸውና ስልኩን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሲስተር ሁለት መስመር የጻፉበትን ወረቀት ቀደዱት። አዲስ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርገው እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«በል፣ አሁን አንተ ጻፍ። የሚነበብ ይሁን ታዲያ» አሉኝ።

ክትባቱን ለምትጠይቁኝ፣ በየብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ትንሽ ምልክት አለ። ሲስተር ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጉ አንድ በአንድ ለዩት። ጥቂቱ ተወገደ፣ አብዛኛው ደህና ነበር። ያ ምልክት ሰዓት ሙላልኝ አይልም። የቀጨኔዋ እናትም በማግስቱ መጥታ ልጇን አስከተበች። ወረቀቱ ፍሪጁ በር ላይ ተመለሰ፤ ጠዋትና ማታ አንብቦ የሚጽፈው ግን አሁን እኔ ነኝ።

ያልወጣልኝ ሌላ ነገር ነው። በሳምንቱ ሻይ ቤት ተቀምጠን ወሬው ተነሳና አንዷ ባልደረባችን «ለመሆኑ ስህተቱ እንዴት ታወቀ?» አለች። ሲስተር ሻያቸውን እያማሰሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እሱ ራሱ ነው መጥቶ የተናገረው» አሉ። አምቡላንሱን አላነሱትም። አቶ ግርማም አላረሟቸውም። ሁሉም በአድናቆት አዩኝ፣ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አቀርቅሬ ሻዬን ጠጣሁ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ክሊኒካችን ውስጥ ሐቀኛ እባላለሁ። ይህንን ስም የሰጡኝ፣ እኔ ዝም በማለቴ ስማቸው ሊጠፋ የነበረው ሴት ናቸው። ሲስተር፣ ያን ቀን የተናገረው ማሽኑ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ይኸው ገና ዛሬ መናገሬ ነው።