መልሴ ሳይደርስሽ እንዳታቋርጪ

ጂንካ በአስተማሪነት ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊቴ በብጉር ተሞልቷል። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ከኋላ ወንበር «ሽንብራ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ዘወር ስል ሁሉም ደብተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ ብጉር አስተማርኳቸው። ቅባት የቆዳን ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፍን በሥዕል አሳየኋቸው። ስሙ ግን አልለቀቀኝም።

ይህንኑ ለታላቅ ወንድሜ ጻፍኩለት። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ ሰሜን ጦር ግንባር ቁስለኛ የሚያክም ድሬሰር ነበር። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የቫይታሚን ኤ እንክብል በሰው ላከልኝ። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ «አንቺ ሽንብራ፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ዋጪ። ወር ሲሞላሽ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ። መልሴ ሳይደርስሽ እንዳታቋርጪ።»

ደብተር ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ፣ አስተያየት። ወሩ ሲሞላ ብጉሩ መድረቅ ጀምሮ ነበርና ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ ፖስታ የሚያመጣው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል፣ ከብቶቹ ከሜዳው ሲባረሩ ባየሁ ቁጥር ወደ ፖስታ ቤት እሄድ ነበር። መልስ የለም። የግንባር ፖስታ መዘግየቱ አዲስ ነገር አይደለም። አታቋርጪ ስላለኝ አላቋረጥኩም።

በጥር ፊቴ ጠራ፤ ከንፈሬ ግን ተሰነጣጠቀ። በየካቲት ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የክፍል መዝገቡ ላይ ይቀር ጀመር። አከራዬ ከደጋ መጥታ ጨውና ጨርቅ የምትነግድ ሴት ነበረች። ድሮ ከፖስታ ቤት ስመለስ «ደብዳቤ መጣ ልጄ?» ትለኝ ነበር። ከየካቲት ወዲህ መጠየቅ ተወች፤ ቁርስ ሳልበላ ግን አታስወጣኝም። ለፀጉሬ ያዘነች መሰለኝ።

ክፍል ውስጥም ልጆቹ አይተዋል።

«ሽንብራው ተለቀመ» አለ አንዱ።

«ከነማሳው» አለ ሌላው።

በሚያዝያ ጠርሙሱን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ሽማግሌው ድሬሰር ጽሑፉን አንብቦ ቀና አለ።

«ስንት ወር ወሰድሽው?»

«አምስት ወር ከመንፈቅ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ወንድሜ። አቁሚ እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነው።»

ጠርሙሱን ከደነው። «እኔ ብዬሻለሁ፣ አቁሚ። ፀጉርሽ ይመለሳል።» ይህ ቫይታሚን ሲበዛ በሽንት እንደማይወጣ፣ ጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ የፀጉርን ሥር እንደሚያዳክም ነገረኝ። ጥሩ ማብራሪያ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚህም እዚያም የቀረውን ፀጉር ሥርዓት ይያዝ ብዬ በመቀስ ቆረጥኩት፤ ቀሪውን በምላጭ ላጨሁት። ውሃውን ልደፋ ስወጣ አከራዬ ግቢ ውስጥ በቆሎ ትፈለፍላለች። ራሴን አየች። ሰፌዱ ከጭኗ ላይ ወደቀ።

«ማን ነገረሽ ልጄ?» አለች። «ትምህርት ሲዘጋ አክስትሽ ዘንድ ወስደን ልናረዳሽ ነበር'ኮ።»

በእኛ ባህል መርዶ ለብቸኛ ሰው በሰው አገር አይነገርም፤ ዘመድ ያለበት ይጠበቃል። ወንድም የሞተባት ሴት ደግሞ ፀጉሯን ትላጫለች። ወሬው ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የደረሰው በየካቲት ነበር። ለአከራዬ ነግሯታል፤ ሁለቱ እስከ ክረምት ሊደብቁኝ ተማምለዋል። ራሴን ስታይ ሌላ ሰው ያረዳኝ መሰላት።

ይህን ሁሉ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። እዚያው ቆሜ ስለ ቫይታሚኑ ማስረዳት ጀምሬ ነበር። ስለ ጉበት ተናግሬ ወደ ፀጉር ሥር ስደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወንድምሽን፣ ወንድምሽን» ትላለች። ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩት። ከዚያ ውሃውን ደፋሁ።

ሳይመሽ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። የአንድ ተማሪዬ እናት፣ የአካባቢው የአሪ ሰው ናት፣ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ተማሪዎቼ አጥሩ ሥር ቆሙ፤ ሽንብራ ያለ የለም። ሴቶቹ «ሳትረዳ ተላጨች። ሆዷ ነግሯት ነው» ይባባሉ ነበር። ሆዴ ምንም አልነገረኝም። ላስረዳቸው እችል ነበር፤ ተውኩት። እንባ አልመጣም። የተሰማኝ የተላጨው ራሴ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩን ወንድሜ የሞተበትን ዕለት ጠየቅኩት። ነገረኝ። ቤት ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ። የሞተው በኅዳር ነው፤ ወሩ ሳይሞላ፣ ደብዳቤዬ ሳይጻፍ። በዚያ ቀን ጠዋት ላይ ምልክት አለ፣ ማታ ላይ ምልክት አለ። አስተያየት በሚለው ዓምድ «አገጬ ላይ ያለው ቀንሷል» ይላል።

ከዚያ በታች ያሉትን ቀኖች በጣቴ ወረድኩባቸው። አንድም አልዘለልኩም።